ሩዝ የምትቆጥረው አሮጊት፦ የካሪቢያንን መናፍስት ለልጆች ስንጽፍ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ጋሼ፣ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ልጄ 10 ዓመቷ ነው። የቅርብ ጓደኛዋ ቤተሰቦች ከካሪቢያኗ ደሴት ከትሪኒዳድ የመጡ ናቸው። የጓደኛዋ አያት ስለ ጃምቢ ሲያወሩላቸው ልጄ በፍርሃትም በደስታም ትንቀጠቀጣለች። እኔ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች በአማርኛ ፋንታሲ መጻፍ ጀምሬያለሁ። እነዚህን መናፍስት ባስገባቸው ነውር ይሆንብኛል? ካስገባኋቸውስ፣ ልጆቹን እንቅልፍ ሳልነሳ እንዴት አድርጌ ልቀይራቸው?»

እህቴ፣ ነውር የለበትም። ሳያውቁ መቀላቀል ግን ነውር ነው። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

በስሙ እንጀምር። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ጃምቢ እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው የምሥራቅ ካሪቢያን ደሴቶችና በጋያና የመናፍስት የወል ስም ነው። ጃማይካ ላይ ቃሉ ዳፒ ነው፤ ዳፒ ደግሞ በአብዛኛው የሞተ ሰው መንፈስ ነው። ትሪኒዳድ ላይ ጃምቢ ሲባል ቤቱ ሰፊ ነው። የሞተ ሰው ይገባበታል። የጫካ ጠባቂ ይገባበታል። ሌሊት ቆዳዋን አውልቃ የምትበር አሮጊትም ትገባበታለች። ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?

እኔ ድሮ አንድ የጃማይካ ተረት ስተረጉም ዳፒን «ሰይጣን» ብዬው ነበር። ረቂቁን ለአንዲት እናት ሰጠኋት። ሁለት ገጽ አንብባ መለሰችልኝ። «ልጄን ጸበል ልታስኬደኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአማርኛ ሰይጣን ካልሽ ቄሱ፣ መስቀሉና ጸበሉ ተከትለው ይመጣሉ። ጋኔን ብትዪም ያው ነው። ዛር ካልሽ የራሱ ፈረስ፣ የራሱ ከበሮ፣ የራሱ ግብር ያለው ሌላ ዓለም ውስጥ ገባሽ። ጣረሞት ቀረብ ይላል፤ ግን የጫካ ጠባቂውን ጣረሞት ማለት አይቻልም። ስለዚህ ጃምቢን ጃምቢ በዪው፣ ይለቅ። ልጅ አዲስ ቃል አይፈራም። ዳይኖሰርን ማን ተረጎመለት?

ዛፉም እንደዚሁ ነው። ጃምቢዎች ያድሩበታል የሚባለው ግዙፍ ዛፍ ሴይባ ይባላል። ሰው መቁረጡን ይፈራል። ቅቤ የተቀባ የአድባር ዛፍ አይቶ ላደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቢሆንም ዋርካ ብለሽ አትቀይሪው። ዋርካ ካደረግሽው አንባቢሽ ሳያስበው ከትሪኒዳድ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ይገባል።

ቀጥሎ፣ ደሴት ምረጪ። «ካሪቢያን» የሚባል አንድ አገር የለም። ከጃማይካ እስከ ትሪኒዳድ በአየር ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ እንኳ ያን ያህል አይርቅም። ጃማይካ ውስጥ ሮሊንግ ካፍ የሚባል አለ። ዓይኑ እንደ ፍም የሚበራ፣ ሌሊት ሰንሰለት እየጎተተ የሚዞር ጥጃ ነው። እሱን የትሪኒዳድ መንደር ውስጥ ብታሰማሪው የጓደኛዋ አያት ይስቁብሻል። ምንጭሽ እሳቸው ስለሆኑ ትሪኒዳድ ላይ ቁሚ።

የትሪኒዳድ ጃምቢዎች ስማቸው ራሱ ታሪክ ይናገራል። ደሴቷ የስፔን ነበረች። በ1783 የስፔን ንጉሥ ካቶሊክ የሆኑ የውጭ ሰዎች መጥተው መሬት እንዲይዙ ፈቀደ። ከፈረንሳይ ደሴቶች የእርሻ ባለቤቶች በባርነት የያዟቸውን አፍሪካውያን እየነዱ መጡ። በ1797 እንግሊዝ ደሴቷን ወሰደች፤ የሕዝቡ አፍ ግን ለረጅም ጊዜ ከፈረንሳይኛ የተወለደው ክሪዮል የሚባለው ቋንቋ ሆኖ ቆየ። የጫካው ጌታ ፓፓ ብዋ የተባለው ለዚህ ነው። የወንዟ እመቤት ማማ ድሎ፣ ሰኮና ያላት ቆንጆ ደግሞ ላ ጃብሌስ። ባርነት በ1834 በሕግ ተሻረ፤ ሙሉው ነፃነት ግን የመጣው በ1838 ነው። ከ1845 ጀምሮ የህንድ የኮንትራት ሠራተኞች በመርከብ ገቡ። እነሱም የራሳቸውን መንፈስ ይዘው መጡ፤ በእርግዝና ወይም በወሊድ የሞተች ሴት መንፈስ የሆነችውን ቹራይል። ስለዚህ በምትፈጥሪው መንደር ውስጥ የህንድ ስም ያለው ልጅ ከሌለ አንድ ነገር ጎድሎሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አዲስ ጸሐፊ መጀመሪያ የሚያነሳው መልኩን ነው። እሳቱን፣ ሰኮናውን፣ የተገለበጠውን እግር። መልክ ለሽፋን ሥዕል ይመቻል፤ ታሪክ ግን አያስኬድም። ታሪኩን የሚያስኬደው ሕጉ ነው። እነዚህ ጃምቢዎች አብዛኞቹ ሊጥሱት የማይችሉት ሕግ አላቸው። ሕጉን የሚያውቅ ልጅ ጉልበት ባይኖረውም ያመልጣል። ከዚህ ወዲያ ሰይፍም ምትሃትም አያስፈልግሽም።

ሱኩያንን እንይ። ቀን ቀን ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ሌሊት ቆዳዋን ታወልቅና ሙቀጫ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። የእሳት ኳስ ሆና ትበራለች። በቁልፍ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ የተኛ ሰው ደም ትመጥጣለች። ጠዋት ክንድሽ ላይ የበለዘ ነገር ካየሽ እሷ ናት። መከላከያው ሁለት ነው። አንዱ፣ ቆዳውን ፈልጎ ጨውና በርበሬ መነስነስ። ስትመለስ ያቃጥላታል፤ መልበስ ያቅታታል። ሌላው ሩዝ ነው። ደጃፍ ላይ ወይም መስቀለኛ መንገድ ላይ ሩዝ ይበተናል። እሷም ፍሬ በፍሬ ለቅማ ሳትቆጥር ማለፍ አትችልም። ስትቆጥር ይነጋባታል።

ይህን ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ነግሬው ነበር። ወዲያው «ስንት ሩዝ ይበቃል?» አለኝ። ቁጭ ብለን አሰላነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት አላት። በሴኮንድ አንድ ፍሬ ብትቆጥር 21,600 ፍሬ ይሆናል። አንድ ፍሬ ሩዝ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ይመዝናል። ግማሽ ኪሎ ይበቃል ማለት ነው! ልጁ ግን አልረካም። «እጇ ፈጣን ከሆነስ?» አለ።

ይኸውልሽ፣ ታሪክሽ እዚህ ጋ ተጀመረ። ቤት ውስጥ ያለው ሩዝ አንድ ኩባያ ብቻ ቢሆንስ? ሩዙ አልቆ ምስር ብቻ ቢገኝ፣ ምስርን ሕጉ ያውቀዋል? አንዷ ፍሬ ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ብትገባስ? ቆጠራው አልሞላ ብሏት፣ ሰማዩ እየቀላ፣ ሱኩያኗ ልጆቹን «ያቺን አንዷን ፈልጉልኝ» ብላ ብትለምናቸውስ? ሕጉ እንዳለ ነው። አንቺ በቆጣሪዋ በኩል ዞረሽ አየሽው፣ በቃ። ለእኔ ተረትን እንደ አዲስ መጻፍ ማለት ይህ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንካቸው። ላ ጃብሌስ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም ቀሚስ ያላት ቆንጆ ናት። አንዱ እግሯ የሰው፣ ሌላው የላም ሰኮና ነው። ሰኮናው እንዳይታይባት እሱን በሣሩ፣ የሰው እግሯን በመንገዱ ታስኬዳለች። የምታታልለው ጎልማሳ ወንዶችን ስለሆነ ለልጆች መጽሐፍ ብዙ አትመችም። ግን አንዲት ልጅ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ላይ የአንድ እግር ዱካ ብቻ ተሰልፎ ብታይ? ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል። ፓፓ ብዋ ደግሞ የዱር አራዊት ጠባቂ ነው። ሕጉ ጨዋነት ነው። ስታገኚው በትሕትና ሰላም በዪው፣ እግሩ ላይ አታፍጪ። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ በሉ ተብሎ ባደገ ልጅ ዘንድ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ሱኩያን ልመልስሽ፣ ምክንያቱም ያልጨረስኩት ነገር አለ። ማን ናት እሷ? ብቻዋን የምትኖር፣ ደጇን ዘግታ የምትውል፣ ጠያቂ የሌላት አሮጊት። ሰፈሩ ጣቱን የሚቀስርባት። እኛ ይህን ነገር አሳምረን እናውቀዋለን። ቡዳ ስንል ኖረናል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን ቡዳ ብለናል። ቤተ እስራኤልን ቡዳ ብለናል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለን አውርተናል። ያ ወሬ ጋብቻ አስከልክሏል፣ ጉርብትና አበላሽቷል። አማርኛ ያለበት ሁሉ ስለሚነበብ፣ መጽሐፍሽ እስራኤል ያለ የቤተ እስራኤል ልጅ እጅ ሊገባ ይችላል። አያቱ ያንን ስድብ እየሰሙ ያደጉ ናቸው።

ስለዚህ «አሮጊቷ ጭራቅ ነበረች፤ ጨው ነስንሰው ገደሏት፤ ሰፈሩ ሰላም አደረ» የሚለውን መጨረሻ እኔ ለልጅ አልሰጥም። «ለካ ንጹሕ ነበረች» የሚለውም የተለመደ መውጫ ነው፤ ትንሽ ሰነፍ ይመስለኛል። እኔን የሚይዘኝ ሦስተኛው ነው። አዎ፣ ሱኩያን ናት። ልጅቷ አውቃለች። ቆዳው ያለበትን ሙቀጫ አግኝታለች። ጨውም እጇ ላይ ነው። ደግሞ ያቺ አሮጊት ባለፈው ሳምንት የቆሰለ ጉልበቷን ያጠበችላት ናት። አሁን ምን ታድርግ? እዚህ ጋ ምዕራፉን ቁረጪና ልጅሽን ጠይቂያት። ካንቺም ከእኔም የተሻለ መልስ ይኖራታል።

ከሁሉ የሚከብዱት ዱዌኖች ናቸው። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ናቸው ይባላል። ፊት የላቸውም። ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ያደርጋሉ። እግራቸው ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ ዱካቸውን የሚከተል ሰው በተቃራኒው አቅጣጫ ይጠፋል። አመሻሽ ላይ የአንድ ልጅ ስም ሲጠራ ከሰሙ ስሙን ይይዙታል። በኋላ በዚያው ስም እየጠሩ ወደ ጫካ ይወስዱታል። ለዚህ ነው የትሪኒዳድ አሮጊቶች ከመሸ በኋላ የልጅ ስም ደጅ ላይ ጮክ ተብሎ እንዲጠራ የማይወዱት።

ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና በሚነሱበት ቤት ላደገ ሰው ይህ ቅርብ ነው። ቅርብ ስለሆነም ያማል። አንባቢሽ ያረፈ ታናሽ ወንድም ሊኖራት ይችላል። ወይም ሙስሊም ልትሆን ትችላለች። «ያልተጠመቀ ሕፃን ክፉ መንፈስ ይሆናል» የሚለውን በደራሲዋ ድምፅ እንዳትጽፊው። ከመንደሩ ሰው አፍ ይውጣ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ይከራከረው። ከዚያ ለዱዌኑ የራሱን ምክንያት ስጪው።

እኔ ብጽፈው ዱዌኖቹ ስም ይራባቸው ነበር። ስም ሳይወጣላቸው ሄዱ። ስለዚህ የሌላ ልጅ ስም ሰርቀው ለአንድ ሌሊት ይለብሱታል። ጠዋት የተሰረቀውን ልጅ እናቱ ልትጠራው አፏን ትከፍታለች። «አንተ... እ...» ትላለች። ምላሷ ላይ ይቀርባታል። ይህ በትሪኒዳድ ተረት ውስጥ የለም፤ የእኔ ፈጠራ ነው። ግን ከሕጉ የበቀለ ስለሆነ እንግዳ አይመስልም። ከወደድሽው ውሰጂው።

ጀግናሽ ከቶሮንቶ ለእረፍት ከጓደኛዋ ጋር ትሪኒዳድ የሄደች ሐበሻ ልጅ ናት እንበል። እኛ ዘንድ ልጅ ከሞተ በኋላ ለሚወለደው የሚወጡ ስሞች አሉ። ምትኩ። ካሳ። ተካ። ማስረሻ። የልጅቷ አባት ምትኩ ይባላል። ስሙን ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራ ኖራለች። ለማን ምትክ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ፊት የሌለው ልጅ ጫካው ዳር ቆሞ «የአባትሽ ስም ምን ማለት ነው?» ሲላት፣ የሁለቱ አገር ነገር ያለ ምንም ስብከት ይገናኛል። ደሞ በአማርኛ ብቻ የሚሠራ ትዕይንት ነው። ለሐበሻ አንባቢ የምትጽፊ ከሆነ እንዲህ ዓይነቱን ቦታ አድኚ።

እንቅልፍ ስለመንሳቱ ብዙ አትጨነቂ። ልጅ የሚያስጨንቀው ሕግ የሌለው ነገር ነው። ሕጉ መጀመሪያ ይምጣ፣ ጃምቢው በኋላ። አያትየዋ በሁለተኛው ምዕራፍ ስለ ሩዙ ይንገሯቸው፤ እሳቱ በአራተኛው ምዕራፍ ይታይ። ያኔ አንባቢሽ ከጀግናዋ ቀድማ «ሩዙን! ሩዙን!» ትላለች። ደም አታፍሺ፤ የበለዘው ክንድ ይበቃል። የኩሽና ሽታ፣ የዝናብ ድምፅ፣ የሚያንኮራፋ አጎት በየመሃሉ ጣል አድርጊ። የሚያንኮራፋ ሰው ባለበት ቤት ፍርሃት ብዙ አይቆይም።

ደግ ጃምቢ ከፈለግሽ ሞኮ ጃምቢ አለልሽ። ዛሬ በትሪኒዳድ ካርኒቫል ረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው የሚጨፍሩት እሱን ነው የሚያሳዩት። ከምዕራብ አፍሪካ አትላንቲክን በእግሩ ተሻግሮ መጣ ይባላል። ቁመቱ ረጅም የሆነው ክፉ ነገር ሲመጣ ከሩቅ እንዲያይ ነው። ውቅያኖስ በእግሩ የሚሻገር ሰው! እኔ ልጅ ብሆን ከእሱ ሌላ አልጽፍም ነበር።

ሁለት ነገሮችን ግን በጥንቃቄ። አንዱ ዞምቢ ነው። ፊልሞች ሥጋ በሊታ አደረጉት። ሄይቲ ውስጥ ግን የሚያስፈራው ዞምቢ መሆን ነው። ሞተሽ እንኳ ሳታርፊ፣ ፈቃድ ሳይኖርሽ፣ በሌላ ሰው እርሻ ላይ መሥራት። ከ1791 እስከ 1804 ተዋግቶ ባርነትን የጣለ ሕዝብ ከዚህ የባሰ ቅዠት አይኖረውም። ጨው ከቀመሰ ይነቃል ይባላል። ጨው እንደገና መጣ፣ አየሽ? ሁለተኛው ኦቢያ ነው፤ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ይዘውት የመጡት የመድኃኒትና የመናፍስት ዕውቀት። ጃማይካ ውስጥ በ1760 በባርነት የተያዙ ሰዎች ታኪ በሚባል መሪ ሥር አምፀው ነበር። ከዚያ በኋላ የቅኝ ገዥዎቹ ምክር ቤት ኦቢያን በሕግ ከለከለ። የዓመፁ ሰዎች በኦቢያ መሐላ ይጠነክሩ ስለነበር ፈርቷቸው ነው። ስለዚህ ኦቢያ የምታውቅ ሴትን «ጠንቋይ» ብለሽ ስትተረጉሚ፣ ሳታውቂው የከልካዩን ቃል ተዋስሽ። «መድኃኒት አዋቂ» በዪና የምታደርገውን አሳዪ፤ አንባቢ ይፍረድ።

የአተራረኩን ነገር እኛ በቀላሉ እናገኘዋለን። ትሪኒዳድ ውስጥ ተራኪው «ክሪክ!» ሲል ሰሚዎቹ «ክራክ!» ይላሉ። ሄይቲም እንዲሁ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ላደገ ልጅ ጨዋታው አዲስ አይደለም። ክሪክ ክራኩን እንዳለ ተዪው። ከፈለግሽ ልጅቷ አንድ ጊዜ ተሳስታ «የላም በረት» ትበል፤ ሁሉም ይሳቁባት። ከዚያ የትሪኒዳድ ልጆች እሱንም ይልመዱት።

የመጀመሪያዋ አለመሆንሽንም እወቂ። የትሪኒዳድ ተወላጅ የሆነችው ትሬሲ ባፕቲስት በ2015 ጃምቢዎችን ለልጆች ልብ ወለድ አድርጋ በእንግሊዝኛ አሳትማለች። አንብቢያት፤ ሳታውቂ እንዳትደግሚያት።

ፈቃድ ስለመጠየቅ ደግሞ፣ የጓደኛዋ አያት ዘንድ ሂጂ። ስልክሽን ለመቅዳት ቶሎ አታውጪ፤ መጀመሪያ ተጫወቱ። መግቢያ ካጣሽ ጃንሆይን አንሺ። በሚያዝያ 1966 ትሪኒዳድንም ጃማይካንም ጎብኝተዋል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው የሚለው አያጣም። ከዚያ ስለ ሩዙ ጠይቂያቸው። የእሳቸው አያት ስንት ሩዝ ይበትኑ እንደነበር፣ ደጃፍ ላይ ነው ወይስ መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ጠዋት ማን ይጠርገው እንደነበር። መጽሐፍ ላይ የማታገኚው ይህን ነው። ስማቸውን በምስጋናው ገጽ ላይ ማስፈር ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቂ።

ስትወጪ ከመሸብሽ ልጅሽ ምናልባት ውጭ ትጫወት ይሆናል። ከደጃፉ ላይ ሆነሽ ስሟን ጮክ ብለሽ አትጥሪያት። ሄደሽ እጇን ያዢ፤ አያትየዋ ያዩሻል።